ነጩን አንቺ ምረጪ

ብቸና፣ የካቲት 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለዘሪቱ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሳልመልስልሽ የቆየሁት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። የበር ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር፤ ውሸት ነው። አንድ ወረቀት ጽፌ ቀደድኩ፣ ሌላ ጽፌ እሱንም ቀደድኩ። አናጢ ብዕር ሲይዝ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ እንጨት ቢሆን ለክቼ እቆርጠው ነበር። ስልክ ቤት ሄጄ እንዳልደውል ደግሞ የብቸናን ስልክ ቤት ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ሲያወራ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያዳምጣል።

አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ። የእናቴ እግር ድኗል። ቁስሉ ገጥሟል፤ ጠባሳው ግን አለ። ባለፈው እሑድ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች። ስለ እግሯ መጠየቅሽን ስነግራት በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገችና "ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?" አለችኝ።

ዘሪቱ፣ በጥር የፈላውን ውሃ እናቴ እግር ላይ የደፋሽው በርጩማ አደናቅፎሽ ነው። በርጩማውን መንገድ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ። ይህን ሞጣ ድረስ ስሸኝሽ አውቶብሱ ውስጥም ነግሬሻለሁ፤ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ አልሰማሽኝም። አሁን ደግሞ "ወደዚያ ቤት የምመለሰው ሰው ላቃጥል ነው?" ብለሽ ጽፈሽልኛል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቂኝ። እህትሽ ቤት እንግዳ ሆነሽ እንድትቀሪ አይደለም አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን የኖርነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓይንሽ መድከሙን ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅሽኝ። ከጥር ወዲህ ደግሞ የማታዪውን ብቻ ትቆጥሪልኛለሽ። እስኪ የምታዪውን ንገሪኝ። ምን ምን ይታይሻል?

እህትሽ ታንጉት ይህን ጮክ ብላ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላው ነገር ሆዴ ውስጥ ይቆይ። ታንጉት፣ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አትሳቂብኝ።

ያንቺው አስናቀው


ሞጣ፣ መጋቢት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአስናቀው፣

ቃሉ የእኔ ነው፤ እጁ የታንጉት ነው። የምትስቅብህ መስሎህ ነበር፤ አልሳቀችም፣ አለቀሰች እንጂ። (ጉንፋን ይዞኝ ነው። ታንጉት።)

ባሕር ዳር ሄደን መጣን። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለኝ። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውን ጠዋትና ማታ ሳታቋርጪ ካደረግሽ ግን የቀረው ይቆይልሻል አለኝ። "የቀረው ስንት ይሆናል?" ብዬ ስጠይቀው "ለመኖር ይበቃል" አለ። ልጅ እግር ነው፤ ወጥ አማስሎ አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር።

ምን ይታይሻል ላልከኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጥያቄህ አናዶኝ ነበር። ሦስት ቀን አኩርፌበት ከቆየሁ በኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ግራጫ ነገር ግራጫ ላይ አይታየኝም። ቡኒ ቡኒ ላይ አይታየኝም። ጠይም ሰው ጭቃ ግድግዳ ስር ከቆመ፣ ካልተናገረ በቀር እዚያ መኖሩን አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ታንጉት ከጎረቤታችን ከሐምዱ ሱቅ ይዛኝ ገባች። ሐምዱ ቀለምና ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው ነው። ባንኮኒውን ጥቁር ላስቲክ አልብሶታል። ሻይ አስመጣልንና ነጭ ስኒ እዚያ ላይ አስቀመጠ። አስናቀው፣ ስኒው ታየኝ። መያዣው ሳይቀር ታየኝ። ሳልዳብስ እጄን ዘረጋሁና አነሳሁት። ሐምዱ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ሚስማር ማውራቱን ቀጠለ፤ እግዜር ይስጠው። ታንጉት ግን አፏን ይዛ ቀረች።

የእኛን ቤት ታውቀዋለህ። ግድግዳው ጥላሸት፣ ወለሉ እበት፣ መደቡ ጭቃ፤ ሁሉም አንድ መልክ ነው። ሁለት ዓመት በእርምጃ ቆጥሬ ነው የኖርኩበት። ከበሩ እስከ ምድጃው ስድስት፣ ከምድጃው እስከ መደቡ አራት። ቁጥሬ ልክ ስለነበር አንተም እማማም አላወቃችሁብኝም። አንድ በርጩማ ግን ሒሳቤን ሁሉ አፈረሰው።

እባክህ እንዳትመጣ። ከመጣህ አብሬህ እመለሳለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ። ከተመለስኩ ደግሞ ወይ እየተመራሁ እኖራለሁ፣ ወይ ሰው አቃጥላለሁ። በገዛ ቤቴ እጄን ተይዤ ከምሄድ በእህቴ ቤት እንግዳ ብሆን ይቀለኛል። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሄድ የምችልበት ቀን ከመጣ ያኔ እንነጋገራለን።

የእማማን እግር ሳምልኝ። ሳምልኝ ስልህ የምሬን ነው።

ዘሪቱ


ብቸና፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፣

የእናቴን እግር ሳምኩላት። "ምን ሆነሃል አንተ?" ብላ ጎትታ ወሰደችው። "ዘሪቱ ልካኝ ነው" ስላት መልሳ ዘረጋችልኝ።

የስኒውን ነገር አንብቤ ስጨርስ መዶሻዬን አስቀመጥኩና ቤት ገባሁ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አስራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ያን ቀን ገና አየሁት ብልሽ ይሻላል። እውነትሽን ነው፤ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ፣ ወለሉ የት እንደሚጀምር እኔም በደህና ዓይኔ አጣሁት። ለሌላው ሰው በር ስገጥም ስኖር የራሴ ቤት ጭለማ መሆኑን ልብ አላልኩም።

አሁን ምን ላይ እንዳለሁ ልንገርሽ። ምድጃውን ወደ ጓሮ አውጥቼዋለሁ፤ የጭስ ቤት ለብቻው ሠርቼለታለሁ። የግድግዳውን ጥላሸት እየፋቅሁ ነው። ፊቴ ከጥላሸቱ አይለይም፤ ትናንት ጎረቤታችን ይርጋነሽ ደጅ ላይ አግኝታኝ "ማነህ?" አለችኝ። ግድግዳውን ነጭ፣ ወለሉን ጥቁር አደርገዋለሁ። ነጩ ስኒ፣ ጥቁሩ ላስቲክ፤ ሌላ ዕውቀት የለኝም።

ወለሉ ግን አስቸግሮኛል። እበት እርጥብ እያለ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይገረጣል። ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ላይ የምቀባውን የተቃጠለ የመኪና ዘይት አንድ ጥግ ላይ ሞከርኩት። ጥቁረቱስ ጥሩ ነበር። እናቴ ሳታውቅ ረገጠችው፣ ተንሸራተተች፣ እኔ ላይ አረፈች። "እሷ እግሬን፣ አንተ ወገቤን!" አለችኝ። ልጽፍልሽ ፈርቼ ነበር፤ ግን እየሳቀች ነው ያለችው። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። ከጥር ወዲህ በዚህ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ ሊሾ አደርገዋለሁ። ከሲሚንቶ ጋር የሚለወስ ጥቁር ዱቄት አለ ብሎኛል አንድ ግንበኛ። ሐምዱን ጠይቂልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ስንጥር ሳንቃ በአውቶብሱ ረዳት ልኬአለሁ። ሐምዱ ያለውን ነጭ ሁሉ እየቀባ ያሳይሽ። የቀረውን እኔ እሠራለሁ፤ ነጩን ግን አንቺ ምረጪ። የሚያይበት ያንቺ ዓይን ነው።

አስናቀው


ሞጣ፣ ግንቦት 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአስናቀው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ደብዳቤዬ የዘገየው ነጭ መምረጥ ቀላል ስላልሆነ ነው።

ነጭ አንድ ይመስለኝ ነበር። "ስንት ዓይነት ነጭ አለህ?" ብዬ ስጠይቀው ሐምዱ "እንደ ገዢው ነው" አለኝ። አራቱን ስንጥር ቀብቶ ጥቁሩ ላስቲክ ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው የዘይት ቀለም ነው፤ ያብለጨልጫል፤ ከተማ ውስጥ አሁን ሰዉ ሁሉ የሚቀባው እሱን ነው። ከበሩ የገባው ብርሃን ሲያርፍበት ዓይኔን ወጋኝና ስንጥሩ ራሱ ጠፋብኝ። ሁለተኛው ወደ ቅቤ ያደላል፤ ሱቁ ጥግ ሲወስደው ከነጭነቱ ወጣ። ሦስተኛው ሰማያዊ አለበት፤ የሆስፒታሉን ግድግዳ አስታወሰኝ፤ አልፈልግም። አራተኛው ተራ ኖራ ነው። አያብለጨልጭም፣ አያስመስልም። ደጅ ወስዶ አሳየኝ፣ ጓዳ ወስዶ አሳየኝ፣ ጥላ ውስጥ አቆመው፤ የትም ሄዶ ያው ነው። "ይሄንን" አልኩት። ሐምዱ ውዱን ሁሉ ትቼ ርካሹን ስመርጥ ጊዜ "ዘሪቱ፣ ዓይንሽ ደህና ነው" አለኝ። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ጥቁሩን ዱቄት በሚመጣው ሳምንት ያስመጣል። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በሩን ምን ልትቀባው ነው? ነጭ እንዳታደርገው አደራ። ነጭ ግድግዳ ውስጥ ነጭ በር ሠርተህ እንደ እንግዳ ደጅ ስዳብስ እንዳልውል።

ደግሞም እመጣለሁ አላልኩም። ነጭ መረጥኩ እንጂ።

ዘሪቱ

(ወንድሜ አስናቀው፣ ይህን እኔ ታንጉት ራሴ ጨምሬ ነው፤ አላነበብኩላትም። ኖራ የተቀባውን ስንጥር ከሱቁ ይዛው መጥታለች። ትራሷ ስር ነው ያለው።)


ብቸና፣ ሐምሌ 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፣

ኖራውን ከመረጥሽ ወዲህ የጻፍሻቸው ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት አውቶብሱ ሳምንት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር አሉ። "ጨርሰሃል ወይስ ሰለቸህ?" ብለሽ የጠየቅሽኝን ለዚህ ነው እስካሁን ያልመለስኩት። አልሰለቸኝም፤ ጨርሻለሁ።

ኖራው መጀመሪያ ሲቀባ የጥላሸቱ ቢጫ ወጣበት። ሁለተኛ ቀባነው፤ አሁንም ወጣ። በሦስተኛው እናቴ "አምጣው ወዲህ" ብላ ብሩሹን ቀማችኝና እስከምትደርስበት ድረስ ራሷ ቀባችው፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኔ ነው። ልብ ብሎ ላየው የእሷ እጅ ወፍራም ነው። ወለሉ ሊሾ ሆኖ ጠቁሯል። እንዳያንሸራትት ብዬ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ፊቱን አሻክሬዋለሁ። ይርጋነሽ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማን አርፎባችሁ ነው?" አለችኝ። ወለል ጥቁር የሚሆነው ለሐዘን መስሏት ነው። "ማንም አላረፈ፤ ሚስቴ ልትመጣ ነው" አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

የውጩም ግድግዳ ኖራ ተቀብቷል፤ በሩ ጥቁር ቡኒ ነው። መስኮቶቹም እንደዚያው። በርጩማ የሚባል ነገር ከቤት ወጥቷል። ወንበሮቹን ከግድግዳው ጋር ቸንክሬአቸዋለሁ፤ እናቴ አንዱን ወደ ፀሐይ ላወጣ ብላ ስትታገለው አግኝቻታለሁ። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ስር ነው፤ ነጭ ጨርቅ አልብሼዋለሁ።

ማምሻውን ዓይኔን አጥብቤ አየሁት። ነጩ የሚያልቅበት ቦታ አንድ መስመር ሆኖ ቤቱን ይዞረዋል። እሱን ይዘሽ ከበሩ ጓዳ፣ ከጓዳ መኝታ መሄድ የምትችዪ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምልሽ፤ እኔ ያንቺ ዓይን የለኝም።

ለዘመን መለወጫ ነይ። ለመኖር አይደለም። ለማየት ብቻ።

አስናቀው


ሞጣ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአስናቀው፣

እሺ። ሦስት ቀን። እንግዳ ሆኜ ነው የምመጣው።

ጳጉሜን አምስት በጠዋቱ አውቶብስ ታንጉት ታመጣኝና መናኸሪያው ላይ ታስረክብሃለች፤ እሷ በዚያው ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ሰው እንዳትሰበስብ። እስከ አጥሩ ድረስ ክንዴን ብትይዘኝ ግድ የለኝም፤ ከአጥሩ በኋላ ግን ልቀቀኝ። በሩን ራሴ ማግኘት እፈልጋለሁ። ካገኘሁት እገባለሁ። ከገባሁ ደግሞ ማንም "በዚህ በኩል" እንዳይለኝ።

እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ስንጋባ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። (እኔ ምስክር ነኝ፤ ስትጋቢ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። ታንጉት።)

ዘሪቱ


ሞጣ፣ መስከረም 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአስናቀው፣

ሦስት ቀን ብዬ በሁለተኛው አድርሰኝ ስልህ ምንም ሳትጠይቅ ሻንጣዬን አንስተህ ተነሳህ። ያኔ ያልጠየቅኸኝን አሁን በደብዳቤ ጠይቀኸኛል። ይቅርታህን እለምናለሁ። በዓሉን አበላሸሁባችሁ።

በሩን ራሴ ማግኘቴን አልረሳውም። ከአጥሩ ስትለቀኝ ነጩ ግድግዳ ከሩቅ ታየኝ፤ መሐሉ ላይ በሩ ቆሞ ጠበቀኝ። እጄ እጀታው ላይ ሲያርፍ ከኋላዬ ትንፋሽህን ዋጥ ስታደርግ ሰምቼሃለሁ። ያቺን ደቂቃ ለማንም አልሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን አልሆነልኝም። በቤቱ ላይ ምንም አላጎደልክም። ሰው ላይም ጥፋት የለም። ዓይኔ ነው፤ ተስፋ አድርጌበት ነበር እንጂ ዓይኔ መሆኑን አውቄው ኖሯል። ሌላ ምክንያት አትፈልግ። በተለይ እማማን ምንም እንዳትጠይቃቸው፤ እንዴት አድርገው እንደተቀበሉኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከእንግዲህ ስለ ቤት ባንጽፍ ይሻላል። ስለ ሥራህ ጻፍልኝ።

ዘሪቱ

(የምትነግረኝ ነገር የለም፤ እኔም ግራ ገብቶኛል። ስንጥሩን ግን ከትራሷ ስር አላወጣችውም። ታንጉት።)


ብቸና፣ መስከረም 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፣

ስለ ሥራዬ ጻፍልኝ ላልሽኝ፣ ሁለት በርና አንድ መስኮት ሠርቻለሁ።

ሌላ ነገር እንዳልጠይቅ ከልክለሽኛል። ግን ምንም ካልጎደለ ለምን ከአንድ ወንበር አልተነሳሽም? ምግብ ቀረበልሽ፣ እዚያው በላሽ። እናቴ አልጋሽ ድረስ ክንድሽን ይዛ ወሰደችሽ፣ እምቢ አላልሽም። አንቺ! እጅሽን የያዘሽን ሰው በዓይንሽ የምትገርፊው ሴት ዝም ብለሽ ተመራሽ። በማግስቱም እዚያው ወንበር ላይ። ወንበሩን የቸነከርኩት አንቺን እንዲይዝብኝ አልነበረም።

ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው። ተቆጥቼም ከሆነ በአንቺ አይደለም። ቤቱ ባዶ ሲሆን ነጭነቱ በዛብኝ።

አስናቀው


ብቸና፣ መስከረም 21 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለዘሪቱ፣

መልስሽን ሳልጠብቅ ሁለተኛ እየጻፍኩ ነው። ታንጉት፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ዛሬ ጠዋት መስቀልም ስላለፈ እናቴ የበዓሉን ቄጤማ ልትጠርግ ተነሳች። ደርቆ ወደ ገለባነት ሄዷል። ከጓዳው ጀምራ ወደ በሩ ስትጠርግ እኔ ደጅ ሳንቃ እልግ ነበር። ድምጿ ጠፋብኝ። ስገባ መጥረጊያውን ተደግፋ ወለሉ መሐል ቆማለች። ግማሹ ወለል ጥቁር፣ ግማሹ ገለባ። "አስናቀው፣ ይህን ጥቁር ለመሥራት ስንት ወር ፈጀብህ?" አለችኝ። "አራት" አልኳት። "እኔ በአንድ ሸክም ቄጤማ ሸፈንኩት" አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ዘሪቱ፣ እኔ መናኸሪያ አንቺን ስጠብቅ እናቴ በዚያ ባልጠና እግሯ ወንዝ ወርዳ ቄጤማ አጭዳ፣ ተሸክማ፣ ካንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ባዶ ቦታ ሳታስቀር ጎዝጉዛዋለች። ዘመን መለወጫ ነው፤ ልጇ ከስደት የተመለሰችላት ያህል ነው። እኔም ስገባ አየሁት፤ አየሁና የዓመት በዓል ቤት ሆነልን ብዬ ደስ አለኝ። በገዛ እጄ የሠራሁት ወለል የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሞኝ ብዬ እሰድበው ነበር።

አንቺ ግን ገና በሩ ላይ አውቀሻል። አሁን ትዝ አለኝ። አንድ እግርሽን አስገብተሽ ቆምሽ፤ በጫማሽ ዳበስ አደረግሽው። ከዚያ "እማማ፣ ቄጤማው እንዴት ደስ ይላል" ብለሽ አንገቷ ላይ ተጠመጠምሽ። መስመሩ ጠፍቶብሽ፣ ሁሉ ነገር ተደባልቆብሽ፣ እሷ እንዳትሰማው ብለሽ ሁለት ቀን ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። ለእኔም "ዓይኔ ነው" ብለሽ ጻፍሽልኝ።

እናቴን ልደብቃት ሞክሬ ነበር፤ ቀድማኝ ደርሳበታለች። ማልቀሱን አለቀሰች። ሲበቃት ዓይኗን ጠርጋ "ተቀመጥና ጻፍ፤ እኔ የምልህን ቃል በቃል ጻፍ" አለችኝ። ይኸው ቃሏ፦ "ዘሪቱ፣ ልጄ፣ አንቺ እግሬን አቃጠልሽ ብለሽ ሸሸሽ። እኔ ደግሞ ዓይንሽን ሸፈንኩብሽ። ተካክሰናል። አሁን ነይ።"

ወለሉ ታጥቦ ተጠርጓል። መስመሩ ከነበረበት አለ።

አንድ ነገር ልኬልሻለሁ። ገዢው ሳይወስደው የቀረ የመስኮት መዝጊያ ነበረኝ፤ ከወለሉ የተረፈውን ጥቁር ዱቄት በኮላ ለውሼ ቀባሁት። ጠመኔ አብሮት አለ። ነጭ በጥቁር ላይ ነው፤ ፊደልሽን ራስሽ ታዪዋለሽ። ታንጉት ስምንት ወር ዓይንና እጅ ሆናናለች፤ ውለታዋን አንከፍለውም፤ ከእንግዲህ ግን በክብር ጡረታ ትውጣ። (እዚህች ላይ ካነበብሽ በኋላ ቅር እንዳይልሽ፣ ታንጉት።) የምትዪኝ ነገር ካለ በራስሽ እጅ በዪኝ። እምቢ ከሆነም እምቢውን በራስሽ እጅ ጻፊው።

አስናቀው


ሞጣ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.
በጥቁር የመስኮት መዝጊያ ላይ በጠመኔ

አስናቀው፣

ይህ የእኔ እጅ ነው። መስመሬ ይወላገዳል፤ ግን ይታየኛል። ሁለት ዓመት ፊደሌን አላየሁትም ነበር።

ታንጉት አላነበበችውም። ስለዚህ ልበልህ። ናፍቀኸኛል። ከአጠገብህ ሳለሁም ናፍቀኸኝ ነበር።

ይህን ለአውቶብሱ ረዳት ልሰጠው ወጣሁ። መንገድ ላይ ጠመኔው ይለቃል አለኝ። ለሌላ ሰው የማልናገረውን ጽፌ እንዲለቅብኝ አልፈልግም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ሐምዱ ወደ እናንተ ዘንድ ሲሚንቶ የሚጭን መኪና አግኝቶ ከሾፌሩ ጎን ያስቀምጠኛል። እስከ አጥሩ ያደርሰኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ።

እማማን በላቸው፦ ቄጤማ እወዳለሁ። ለገና ደጁን በሙሉ ይጎዝጉዙልኝ። ከበሩ ወደ ውስጥ ግን ወለሉ የእኔ ነው።

ይህን የምታነበው ከሆነ በሩን አግኝቼዋለሁ ማለት ነው። አጠገብህ ቆሜአለሁ። ቀና አትበል፤ መጀመሪያ ጨርሰው።

ሳንቃው አለቀብኝ። የቀረውን በአፌ እነግርሃለሁ።

ዘሪቱ